እናያለን

ገና በሁለት ወሯ፣ ሞራው ሲገፈፍ፣
ዓይኗ ያንስ ነበር ከሸሚዝ ቁልፍ።
«ታያለች ወይ?» ብለው ሐኪሙ ዝም አለ፣
«እናያለን» ብሎ ቀን ጽፎ ቀጠለ።

አየን። አሥራ አንድ ዓመት።

ደህናውን ሸፍነን ሰነፉን ስናተጋ፣
ፕላስተሯን ልጣ ከጀጎል ግንብ ስትላጋ፤
ግፊቱ አሻቀበ፣ ዳግም ተቀደደ፣
የግራዋ ብርሃን ድምፅ ሳያሰማ ሄደ።
በቀረው፣ በቀኙ፣ በወፍራም መስታወት፣
ከሐኪሙ ሰሌዳ ሦስት መስመር ነው ያላት።

ዛሬ መኪና ግርግር፣ ከሲንጀሬ ጫጫታ ሥር፣
ነጂሃ መርፌዬን ካፍንጫዋ አስጠግታ
ክር ታሾልክልኛለች።
«አባ፣ ይሄ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው።»
ክሩን ይዤ ደጅ ወጣሁ።
እውነቷን ነው።

ማታ ጠብታዋን ሳደርግላት
እሷ አታርገበግብም፤
እኔ ነኝ የምጨፍን።