ያልሮጠው ሜትር

ሰንበት ወጣ። ግንቦት ነው፤ ቤርሳቤህ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፤
ሐምሲን የሚሉት ነፋስ አልፎ፣ ሲሚንቶው ላይ ጥሏል ትኩሳት።
የኔጌቭ አቧራ በመብራቱ ዙሪያ እንደ እሳት ራት ይዞራል፤
እኔ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፤ ጭኔ ላይ ኮምፒዩተር ይግላል።

ስክሪኑ ላይ አሥር ነጥቦች።
ነጥብ ሁሉ ሰው ነው፤ በጠባብ ሰደርያ፣ ትከሻና ትከሻው መሐል ላይ
ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ዕቃ አዝሏል፤
ርምጃ የምትቆጥር፣ ልብ የምታዳምጥ፣ ለእኔ የምታሳብቅ ሰላይ።

እንጀራዬ መቁጠር ነው፦
ስንት ሜትር፣ በምን ፍጥነት፣ ስንቴ ቆመ፣ ስንቴ ዞረ፤
ስንት ኳስ ለወገን ደረሰ፣ ስንቱ በባዕድ እግር ቀረ።

ቁጥር ስድስት፦ ኦሽሪ ቸኮል።
ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ የተሰፋ፤
ውሉ በሰኔ የሚያልቅ፤ ፀጉሩ ሸሽቶ ግንባሩ የሰፋ።
«ስሙ ነው እንጂ ቸኮል፣ እሱስ መች ቸኩሎ ያውቃል!»
ይላሉ ከኋላዬ፤ የሱፍ ፍሬ ይቆረጠማል፣ ገለባው አንገቴ ላይ ይወድቃል።

አሠልጣኙ ጊልዓድ ትናንት፦ «አምጣልኝ» አለ፣ «በቁጥር፤
ሰው በስሜት አላሰናብትም፤ ይናገር፣ ወረቀቱ ይናገር።»
ወረቀቱ ተናገረ፤
ከዘጠናው ደቂቃ ሃምሳ አምስቱን ኦሽሪ በእግሩ ሲሄድ አደረ።
ሃምሳ አምስት! ጡረተኛ እንኳ ለሐኪሙ እንዲህ አይታዘዝም።
ኤልሮኢ ግን፣ ሃያ ዓመቱ፣ ሳንባው ጎማ፣ አይደክም፣ አይፈዝም፤
አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨርሶ ገና ይፈልጋል፤
የሙቀት ካርታዬን ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ በቀይ ያደርጋል።

ሰባ አንደኛው ደቂቃ።
ባዶ ለባዶ። ላቡ ደርቆ መለያው ላይ የጨው ጠረፍ ሥሏል።
ኤልሮኢ ቀማ፣ አለፈ፣ ደግሞ አለፈ፣
ተቀማ።
ከኋላው ሜዳው እንደ ረሱት በር ወለል አለ።
የእንግዶቹ አሥር ቁጥር ቀና ብሎ
ቀኝ እግሩን አነሣ፣ ክፍተቱን በዐይኑ ለካ፤
ኦሽሪ ሦስት ርምጃ ወደ ግራ ተራመደ።
ሮጠ አላልኩም። ተራመደ፤
እጁ ወገቡ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ ቁልፉን ረስቶ እንደሚመለስ ሰው።
አሥር ቁጥሩ አየው። እግሩ አየር ላይ አመነታ።
ሊላክ የነበረው ኳስ ሳይላክ ቀረ፣ ወደ በረኛቸው ዞረ።

ማን ያጨብጭብ? ምን ሆነና?
ከኋላዬ አንዱ አዛጋ።
ስክሪኔ ላይ፦ ፍጥነት፣ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር። ቅሚያ፣ ዜሮ።
ላልደረሰ አደጋ፣ ለእኛ ቤት ዓምድ የለንም።

ከጨዋታው በኋላ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ጎድሎታል።
ሰደርያውን አውልቆ ሰጠኝ፤ እርጥብ ነው፣ እንደ ዓሣ።
«ስንት ሮጥኩ?»
«ዘጠኝ ነጥብ አራት።» ዐይኑን ሸሸሁት፤ የማፍረው እኔ።
«በዛ» አለ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፤
«ዘግይቼ ሳስብ ነው የምሮጠው።»

ሌሊቱን ቪዲዮውን መለስኩ። በእርሳስ፣ በእጄ ቆጠርኩ፤
ኳሱን ትቼ አንገቱን ብቻ።
ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፤
ልጅ ይዞ ጎዳና እንደሚሻገር አባት፣
በአንዲቱ ደቂቃ ሠላሳ አንድ ጊዜ።
እንደዚያ ያለ ሦስት ርምጃ ሌላ አሥራ አራት አገኘሁ፤
አሥራ አራት ጊዜ የተዘጋ በር፣ መዘጊያው ያልተሰማ።

ጎሕ ሲቀድ፣ ከሠንጠረዡ ጠርዝ፣ አንዲት ዓምድ በእጄ ጨመርኩ፤
«ያልሮጠው ሜትር» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ምን እንደምሞላ ግን ቸገረኝ።

ጊልዓድ በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ወርዶ ወርዶ እዚያ ላይ ቆመ።
«ይህ ምንድን ነው? መለኪያውስ?»
አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ፣
ወደ ቀኝ አዞርኩ፤
ሳልቸኩል መልስ ፈለግሁ።