የመታጠፊያው ልክ

ሪጋ ላይ ዝናብ ነው። ዳይጋ ካርታ ዘርግታ
እስከ ታሊን ድረስ መስመር ታሰምራለች፤
ከመንገደኛ ድካም ሁለት ሰዓት ቀንሳ
ለዕድሜው ልትመልስ ትደምራለች።

እርሳሷ ደን አልፎ፣ ረግረጉን ዘለለ፤
የቮልዲስ ፖም ዛፎች መሐል ገብቶ ዋለ።

«ትንሽ ጎበጥ ቢልስ?» ሽማግሌው በስልክ።
«አይሆንም አባባ፤ ለፍጥነቱ ልክ
መታጠፊያው ብቻ ሰባት ኪሎ ሜትር...»
«ይቁማ እንግዲያው፣ እኔም ልሳፈር።»
«ጣቢያ የለም እዚያ።»
                    ዝም አለ፤ ሳቀና፣
«ሰባ ዓመት ቆሜ ስጠብቅ ኖርኩና
እሱ ግን አይቆምም!»

ማታ ላጲስ ይዛ ጎበጥ አደረገች፤
ሰዓቱን ቆጠረች።
መልሳ አቀናች።
የላጲሱ ብናኝ ከፖሞቹ በላይ
አበባ መስሎ ረግፎ ቀረ ካርታው ላይ።