ወራጅ አለ

ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ጭኜ ኖሬያለሁ፤
ከጅማ እስከ ጊቤ ጉድጓዱን አውቃለሁ።
ረዳቴ በር ይዞ፣ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ቆርቆሮ እየደበደበ ከየሱቁ ሲያስሰው፣
እኔ በመስታወት ኋላዬን ሳማትር፣
ጭንቅላት ስቆጥር፣ ጭንቅላት ስቆጥር፣
ጸጉሬ ሸበተ።

አሁን ጡረታ ነኝ፤ ዶልፊኗም እንደኔ።
ወንበሯን ነቃቀልኩ በመፍቻ፣ በወኔ፤
አንዱን አስቀረሁት ለሩቂያ ወገብ፣
ለመስኮት፣ ለብዕር፣ ለሰፊው መዝገብ።
ከኋላ ፍራሽ ነው፣ ከጎኑ ቡታጋዝ፤
ከጣራው ጀሪካን፣ ሳፋ፣ አንድ ምርኩዝ።
የመንደራ ቆጪ ሰው «ቤት እያላቸው» ይላል፣
«ሽማግሌ ደግሞ በመኪና ያድራል?»
ልጄም ስልክ ደውላ፣ «አባዬ፣ ምን ጎደለህ?»

ምን ጎደለኝ እኔ!
ሰንቀሌ ላይ ከርመን አጥር ጠጋግነን፣
ቆርኬ በጤዛው ሲሮጥ በዓይን ሸኝተን፣
አብጃታ ዳር ደግሞ የተጣለ መረብ ስንለቅም ሰንብተን፤
ደሞዙ ምን ነበር? አንድ ዘለላ ሙዝ፣ ምስጋና።
የናፍጣውን ሂሳብ ሩቂያ ታውቀዋለች፤ ዝም ትላለች ገና።

በመስከረም ዞረን ወደ ገዛ አገር፣
ቦዬ ረግረግ ዳር አቆምኩ ከሾላው ሥር።
ገና አልነጋም ነበር።
ጉማሬው ከውሃው ውስጥ፣ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር፣
አንዴ፣ ሁለቴ ያስልና ዝም።
አዛኑ ከከተማ ጉሙን ሰንጥቆ መጣ፤
ሩቂያ ሰግዳ ስትነሣ ምሥራቁ ቀላ፣ ነጣ።

ጠባቂው ሸሪፍ አባ ፎጊ መነጽሩን ሰጠን፤
አንዱ ዓይኑ ስንጥቅ ነው።
«በዚህ በኩል» አለ፣ «ሁሉም ሁለት ይሆናል፤
በጤነኛው ቁጠር።»

ይብራ መቶ ስድስት። ሽመላ አሥራ ሦስት።
ስሙን የማናውቀው ረጅም አፍ፣ አምስት።
ባለ ዘውዶቹ ግን ቀጥ ብለው ከሣሩ፣
እንደ ሠርግ አጃቢ ሲሽቀረቀሩ፣
አርባ ሦስት።
ደገምኩ። አርባ ሦስት።
ሩቂያ ብዕሯን አነሣች፣ አልጻፈችም።
ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት በግምት አትጽፍም።
«በሰኔ አርባ አራት ነበሩ» አለች፣ ጣቷ መስመሩ ላይ፤
«አንድ ይጎድላል፤ እስቲ እንደገና እይ።»

አንድ!
ከመናኸሪያ ያሳደደኝ ቃል እዚህ ድረስ መጣ?
እኔ ሳይሞላ ተነሥቼ አላውቅም።
ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ጠበቅን።

ረፋዱ ሞቀ፤ ከረግረጉ ጠርዝ ጡብ የሚጠፈጥፉት
ጭቃውን ቆርጠው፣ ቆርጠው፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ገፉት።
ቦዬ በየዓመቱ አንድ ክንድ ታንሳለች፤
ከተማው ግድግዳ ይፈልጋል።
ማን ማንን ይወቅሳል? የእኔም ቤት ጡብ ነው።

ነስሩ የሚሉት ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣
አካፋውን ይዞ ከመሃላቸው መጣ።
«ምን ጠፋባችሁ?»
«አንድ ወፍ» አልኩት፤ ብዬው አፈርኩ።
አልሳቀም። «ኑ፣ ግን በቀስታ።»

ከጉድጓዱ ማዶ፣ ዙሪያው የተቆፈረ፣
እንደ ደሴት ያለ አንድ ጉብታ ቀረ፤
ከሣሩ በላይ ዘውድ ብቻ፣ ወርቅማ፣ እንደ ጭድ፤
አንገቷን ደፍታለች፣ ወዴትም ላትሄድ።
አንዴ ብድግ አለች፣
እንቁላሏን በአፏ ገላበጠች። ሁለት።

ነስሩ አካፋውን እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣
«ከነሐሴ ጀምሮ በዚያ በኩል አልቆፈርኩም።
አሠሪዬ፣ ‹ጭቃው አለቀ ወይ?› ይላል፤
‹ድንጋይ አለው› እላለሁ።»

ሩቂያ መነጽር አልጠየቀችም።
ምርኩዟን ተደግፋ ጻፈች፦ አርባ አራት።
ትንሽ አሰበችና ከጎኑ ጨመረች፦
ሁለት ትርፍ።
ትራፊክ ባለበት መንገድ ያስቀጣኝ ነበር!

ማታ ከሾላው ሥር በሩን ከፍተን ተቀመጥን።
ከሰሜን የመጡ ይብሮች፣ ክንፋቸው የደከመ፣
ስንት አገር አቋርጠው፣ ማንም ታሪፍ ሳይጠይቃቸው፣
አንድ በአንድ ወደ ውሃው ዝቅ፣ ዝቅ ሲሉ፣
«ወራጅ አለ» አለች ሩቂያ፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ።
እግሬ በጨለማው
ፍሬን ፈለገ።