ካልኬር

ድሬ ላይ ማንቆርቆሪያ ዕድሜውን አይደብቅም፤
ሆዱን ገልጠው ቢያዩት ኖራ ነው፤ ቢፍቁት አይለቅም።
ከዚራ ባለው ቤታችን፣ ውሃ በምናፈላበት፣
የጣት ውፍረት ያህል ነጭ ድንጋይ ጋገረበት።
የሻወሩ ዓይኖች አንድ በአንድ ታወሩ፣
ሳሙናው አረፋ ነሣን፣ ጸጉሮቻችን ገመድ ሆነው ቀሩ።

«ካልኬር ነው» አለ አባቴ፣ ምድር ባቡር ጋራዥ የለመደውን ቃል
በምላሱ እያገላበጠ፤ «ይሄ እንኳን ማንቆርቆሪያ ሎኮሞቲቭ ያንቃል።
ውሃን ከጥሩ ይላሉ፣ ነገርን ከሥሩ፤
የኛ ውሃ ሥሩ ድንጋይ ነው፣ ከየት ይቀዳ ጥሩ?»

ታይዋን ሄድን። ከሱቁ ግድግዳ ላይ
የተደረደሩት ሲያብረቀርቁ ብታይ፤
ሰማያዊ ሆድ፣ ነጭ ሆድ፣ ባለ ሰዓት፣ ባለ መብራት፣
አንዱማ ሲናገር ሰማሁ ልበል? ዋጋው ነው የሚጮኽበት።
ነስሪ፣ ባለሱቁ፣ ትልቁን መታ መታ እያደረገ፣
«ይሄ ሁሉን ያጠራል ጋሼ» ብሎ ሳንጠይቀው ማለ።

አባቴ ከኪሱ የማርማላታ ብልቃጥ አወጣ፤
ከቧንቧችን ተቀድቶ ሌሊት ሲዘቅጥ ያደረ፣
ከታች የጥፍር ያህል አሸዋ፣ ከላይ ጥርት ያለ ቁጣ።
«አሸዋውን ያዘው እንበል። የማይታየውንስ?» ብሎ ጠየቀ፤
ነስሪ ትልቁን ዕቃ ትቶ፣ ወንበር ስቦ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው የሱ ሆነ፦ ስንት ሰው ነው እቤት?
ሮቶው ምን ያህል ከፍ ብሏል? ቧንቧውስ ስንት ኢንች? ግፊቱስ አለው ጉልበት?
ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? (እዚህ ላይ ሦስታችንም ሳቅን፤
መልሱን የሚያውቅ ካለ እሱን ራሱን በገዛን!)
በመጨረሻ፦ ለዝቃጩ ክር የተጠመጠመበት፣
ለሽታው ከሰል፣
ለካልኬሩ ጨው የሚበላ ረጅም ጋን ዓይነት።

ዙበይር በባጃጅ መጣ፣ ቧንቧው በጎን ወጥቶ እንደ ጦር፤
ከሮቶው በታች፣ ቤቱ ቅርንጫፍ ሳያወጣ፣ ቆረጠው መስመር።
«ማለፊያ ቫልቭ ይኑረው» አለ አባቴ፣ «ቀን ሲከፋ የሚታለፍበት፤
የጓሮዋን ቧንቧ ግን፣ የኒሟን፣ እንዳትነካት።
ዛፍ ጨው አይወድም። እኔም ብሆን...» ብሎ ተወው፤
የሰማንያ ዓመት ጓደኛን ሰው በአንድ ጠዋት አይተወው።

እህቴ ሉቺያ የመጀመሪያውን ሻይ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤
«ጥሩ ነው... ግን ድሬ የት ሄደች?»
ሳሙናው ግን አበደ፣ ገና ሲነኩት አረፋ፤
የጎረቤት ጀሪካን ተሰለፈ፣ ባዶውን የሄደ ጠፋ።

አባቴ ከማጣሪያው አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፣
እንደ ጋራዡ መዝገብ፣ ቀን ከቀን ሥር፦
«ጥር 4፣ ክሩ ተቀየረ። ጨው፣ ግማሽ ኩንታል።»
«ሚያዝያ 6፣ ክሩ ተቀየረ። የደቻቱን ቀለም ይዟል።»
«ሐምሌ 3፣ የጎማው ቀለበት ደርቋል። ቅባት አስነካሁት።»

ጥቅምት የለም። ጥር የለም።
ድል ጮራ ሆስፒታል ደረጃ ላይ ክር ትዝ የሚለው የለም።

ውሃው ግን አልረሳም፤ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ የስፌት ክር ሆነ፤
የማንቆርቆሪያው ሆድ ደግሞ በኖራ ተሸፈነ።

በአርባው ማግስት የአባቴን ሰፊ ቁልፍ አነሣሁ፤
ውሃውን ዘጋሁ፣ ግፊቱን አስተነፈስኩ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ፈታሁ።
ክሩ ከባድ፣ ቡናማ፣ የከረመ ጭቃ የለበሰ፣
ለካ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብሎ የጎረሰ።
መለወጫውን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ፦
«ለጥቅምት»።

ብርጭቆውን የማጥብበት አጣሁ፤ ቤቱን ሁሉ ዘግቻለሁና
(ማለፊያው ቫልቭ ለዚህ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው)፣
ወደ ኒሟ ወጣሁ፤ ያቺ ቧንቧ ትፈሳለችና።
ማጣሪያውን ባልተጣራው አጠብኩ፤ በእፍኜም ቀመስኩ፤
ድንጋይ ድንጋይ አለኝ። ገብቼ እርሳሱን ከጋኑ ኋላ አገኘሁ፣ ጻፍኩ፦

«መጋቢት 9፣ ክሩ ተቀየረ። ጨው፣ ግማሽ ኩንታል።
ጎማው ቅባት አግኝቷል። ላይኛው መገጣጠሚያ ትንሽ ያንጠባጥባል።»