ሦስቴ ነፋሁልህ

ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና
ኬክ ጭኜ ስወርድ፣ ሰዓቱ ደረሰና፣
ፖስታ ቤትን ትቼ ብሔራዊን ሳልፍ
ነጭ ጓንት አየሁኝ አየር ላይ ሲንሳፈፍ።

«ዳር ያዝ፣ ሞተር አጥፋ።» ደረቷ ላይ ስሟ
«አልጋነሽ» ይላል፤ አቧራ በልቶታል ጫማ።

«ጆሮህ ውስጥ ምንድን ነው?»
«የቱ ጋ?»
«ከሄልሜቱ ሥር፣
ያ ጥቁሩ ነገር፣ የተጣበቀው እንደ መዥገር።»
«ኢርፎን ነዋ» አልኳት፤ «ክልክል ነው እንዴ?
የትኛው አንቀጽ ነው? ያሳዩኝ እስቲ አንዴ።»

እኔ ሕጉን አላውቅ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ
የሸመደድኩት ሁሉ ከፈተናው ጋር ወጣ።
ግን ሞተረኛ ነኝ፤ ክርክር ያውቃል አፌ፤
በእሱ ነው የኖርኩት ስንት መብራት አልፌ።
«ስልክ በእጅ መያዝ ነው የተከለከለው፤
እጄ መሪ ላይ ነው፤ ጆሮን ማን ምን አለው?»

ከደረት ኪሷ ውስጥ ደብተር መዘዘች፤
ጣቷን ምራቅ አስነክታ ገጽ ገለጠች፤
«እጅ... ጭነት... ሄልሜት... ፍጥነት...» እያለች
ጆሮ ዘንድ ሳትደርስ አለቀባት። እንደገና ጀመረች።

ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ክሬሙን ላብ አላበው፤
«እንኳን ተወለድሽ»ን ማን ይሆን የሚያነበው?

«እስቲ ስጠኝ።»
ኤግዚቢት መስሎኝ ሰጠኋት። ጓንቷን አወለቀች፤
በሸሚዟ ጫፍ ጠርጋ ጆሮዋ ከተተች፤
አንገቷን ዘንበል አርጋ ቆማ አደመጠች።

ውስጡ ያለችው ሌንሳ ናት፣ ቢሮ ተቀምጣ፦
«ምትኩ፣ ትሰማለህ? ከድሮው ፎቶ ቤት
ወደ ግራ ታጠፍ፣ ከፈረሰው ግቢ ፊት፤
ልብስ ሰፊው የነበረበት፣ ቀዩ በር የነበረበት፣
ከዚያ ሦስተኛው...»

ሌንሳ የምትጠራው ፈርሷል፤ አንዱም የለም፤
በነበር ነው የምነዳው፣ ዛሬም እንደ ሁሌም።
ደንበኛ እንደሆነ አድራሻ አይናገር፤
«ደርሰህ ደውልልኝ» ነው የሚያውቀው ነገር።

ሳጅኗ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።
«ያንን ፎቶ ቤት አውቀዋለሁ፤
ስቀጠር ጉርድ ፎቶ የተነሣሁት እዚያ ነው።
ፀጉሬን ሦስቴ አስተካክሎልኝ፣ አንዴ ብቻ አነሣኝ።»

ነቅላ መለሰችልኝ። ደብተሩንም አጠፈች።
«አንቀጹን ጣቢያ ያሉት ይፈልጉት።
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፊሽካዬን ሰማኸው?»
«የቱን ፊሽካ?»
«ሦስቴ ነፋሁልህ።
አንዴ ከሩቅ ስትመጣ።
አንዴ ሕፃን ያዘለች ሴት ዜብራው መሐል ቆማ ስትርበተበት።
ሦስተኛውን ለራሴ፤ ትንፋሽ አለኝ ወይ ብዬ።»

ምን ሴት?
ዞሬ ዜብራውን አየሁት፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ።
ማንም የለበትም።
አንቀጽ የምጠይቅበት አፍ ጠፋብኝ።

«ሂድ» አለች። ቅጣት አልጻፈች፤ ምሬሃለሁም አላለች፤
ፊሽካዋን በጥርሷ ይዛ ወደ መኪኖቹ ዞረች።

ኢርፎኑን ኪሴ ከተትኩት። ሌንሳ ጭኔ ላይ ታወራለች፤
ጉንዳን ቢናገር በሚሆን ድምፅ «ምትኩ... ምትኩ...» ትላለች።
ለገሃር ሳልደርስ አንድ ነገር ሰማሁ፤
ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ... ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሰንሰለቴ ላልቷል።
ስንት ሳምንት ሆኖት ይሆን ከሥሬ ሲጠራኝ፣
ጥርሱን እያፋጨ «ስማኝ፣ ስማኝ» ሲለኝ?

ኬኩ ዘግይቷል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።
መፍቻ ያለው ሰው ፍለጋ ሞተሬን በእግሬ እየገፋሁ፣
ሚኒባሱን፣ ረዳቱን፣ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል እየሰማሁ፣
ሎተሪ አዟሪውን፣ የአካፋውን ፋጭታ፣ ያንዱን ሳል፣
ስሄድ፣

ከኋላ፣ ከሩቅ፣ ፊሽካ ተነፋ።
ለእኔ አልነበረም።
ዞርኩ።