ሁለት፣ ሁለት

ቀይ ሴሊካ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች።
መብራቷን ሲያበሯት ከኮፈኑ ውስጥ ዓይኗን ትገልጣለች፣
አንዱን ብቻ፤ ሌላው ተጣብቆ ቀርቷል፤
ያየ ሁሉ የጠቀሰችው ይመስለዋል።

ሆጤ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ባደረ ጠዋት
ሦስት ሰው ገፍቶ ነው ጋራዥ ያደረሳት፦
ቶፊቅ ከኋላ፣ ወንድሙ ከጎን፣
አንድ የባጃጅ ልጅ «የኔ በነፃ ነው» እያለ ሲስቅብን።
«ቀን ደህና ናት፤ ኮምቦልቻ ስወርድ እንደ ወፍ ትበራለች፤
ደሴ ያደረች እንደሆን ግን አልነሣም ትላለች።»

ስካነሬን ይዤ ተንበረከክሁ፤
በመሪው ሥር ዳበስሁ፣ በፔዳሉ ሥር ዳበስሁ።
ቴክኒክና ሙያ ያሳዩኝ ዓይነት ቀዳዳ የለም፤
ባለ አሥራ ስድስት ጥርሱ መሰኪያዬ የሚነክሰው አላገኘም።

ጋሽ ሙህዬ ካንዴላ የሚያሽበትን ጨርቅ ጣለና መጣ፤
ከባትሪው ጎን አቧራ ጠረገ፤ አንዲት ጥቁር ሙዳይ ወጣ።
የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ የክዳኗ ጽሕፈት ተፍቋል፣
ማጠፊያዋ ተሰብሮ በክር ታስሯል።
«ፋብሪካው ትቷታል» አለኝ፤ «መሣሪያዋም ከገበያ ጠፍቷል፤
የሠሯት ሰዎች ይሄኔ ጡረታ ወጥተዋል።
እሷ ግን አልሰማችም፤
የሚጠይቃት ካለ ዛሬም አትዋሽም።»

እጁን ዘረጋልኝ፤ «ፍርኬታሽን አምጪ» አለ።
ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ወረደ፤ የባጃጁ ልጅ ጦሳን ያየ መሰለ።
በጥርሱ አቃናው፤ ሁለት ጫፍ ለሁለት ቀዳዳ።
«ጎረቤቱን ብትነኪ ታቃጥያታለሽ፤ የገባሽው የሰው ጓዳ።»

ቶፊቅ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ።
ክሩስኮቱ ላይ ቢጫዋ መብራት፦
ብልጭ፣ ብልጭ።
ዝም።
ብልጭ፣ ብልጭ።
ከዚያ ረዘም ያለ ዝም፣
ዱአ ያደረገ ሰው መዳፉን ፊቱ ላይ እስኪያሳርፍ።
ደግሞ ብልጭ፣ ብልጭ።

እኔ በጣቴ ቆጠርሁ፣ ቶፊቅ በከንፈሩ፣
የባጃጁ ልጅ ጮክ ብሎ፦ «ሃያ ሁለት!»

«የውሃው ሙቀት ነው» አለ ጋሽ ሙህዬ፤ መብራቷን አላያትም ነበር።
«ነጋሪው ሽቦ ተበጥሷል። ካልነገሯት ደግሞ ትገምታለች፣
ሞቆኛል ብላ ታድራለች፤
ብርድ ላይ ቤንዚን ጨምራ መጠጣት ሲገባት አትጠጣም።
ደሴ ቆማ፣ ልቧ ኮምቦልቻ።»

«አባቴም መጨረሻ ላይ ጋቢውን ይጥል ነበር»
አለ ቶፊቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
«በሐምሌ። ሞቀኝ እያለ።»
መኪናዋ የሱ ነበረች።
ጋሽ ሙህዬ «አብሽር» አለ፤
ለእሱ ይሁን ለእሷ አልገባኝም።

ሽቦውን አይጥ ነው የበላው። ቀጠልሁት፤ በፕላስተር ጠቀለልሁት።
«አሁን ትርሳው» ብሎኝ ፊውዟን ነቅዬ እስከ ሃያ ቆጠርሁ፤ መለስሁት።
ደግመን ጠየቅናት፦
ብልጭ ብልጭ ብልጭ ብልጭ፣ ሳታቋርጥ፣ እንደ ልጅ ሩጫ።
ምንም የለብኝም ማለቷ ነው።

ሞተሪኖው አንዴ አጉረመረመ፤ ተነሣች።
ባንድ ዓይኗ እየጠቀሰች ቁልቁለቱን ወረደች።

ፍርኬታዬ እንደቀና ቀረ፤ ፀጉር አይዝልኝም።
ከስካነሩ ጋር፣ ባንድ ቦርሳ ነው የማስቀምጠው።