ዲበግ፦ አዎ

በፓልዲስኪ ወደብ፣ የኅዳር ሌሊት ላይ፣
ሦስተኛው ክሬን ቆመ አንጋጦ ወደ ሰማይ፤
አንድ ሙሉ ኮንቴይነር እንዳንጠለጠለ
ሳያወጣ ሳያወርድ ዝም እንዳለ አለ።
የመርከቡ አዛዥ በሬዲዮ ይጮኻል፣
የወደቡን ኪራይ በዩሮ ይቆጥራል።

ኡርቬ መሰላሉን ወጣች፣ ጓንት በእጇ፤
ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ "መቼ ነሽ?" ይላል ልጇ።
ስክሪኑ በርቷል እንጂ ምንም አይመልስም፣
ቁልፍ ብትነካካ ጠቋሚው አይላወስም።
የሞተ ማሽን ታውቃለች፤ የሞተ ይቀዘቅዛል፤
ይኼ ግን ሆዱ ሞቋል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤
አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ፣
በር አንኳኩቶ ቆሞ ከደጅ እንደማይርቅ።

አጥፍታ አስነሳችው።
በጥቁሩ መስኮት ላይ "ሁኔታህን" ብላ ጻፈች፣
የመስመሩን ጎርፍ በጣቷ ተከተለች፤
ዓይኗ ከላይ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ ወርዶ
አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ፣ በአንድ ቃል ተጠምዶ፦

          ዲበግ፦ አዎ።

አዎ? ማን አበራው? ማንስ ያዳምጠዋል?
ዲበግ የበራበት፣ እክል ሲነካው ይቆማል፤
በኬብሉ ወደ ማዶ፣ "እዚህ ጋ ነኝ፤ ምን ላድርግ?" ይላል፤
ማዶ ሰው ከሌለ፣ እንደቆመ ይነጋል።

ኬብሉን ተከተለች በጉልበቷ ተንበርክካ፤
ጫፉ ከአየር በቀር ከምንም አልተሰካ።
በጫማ ክር ታስሯል፤ ወረቀት ተለጥፏል፤
"አትንቀሉ። ሄይኖ" ይላል፤ ቀለሙ ደብዝዟል።
ሄይኖ ያረፈው ሚያዝያ ነው፣ በጡረታው ስድስተኛ ዓመት፤
ለክሬኑ የነገረው የለም፤ ይጠራዋል በየሌሊት።

ደንቡ አጭር ነው፦ ዲበጉን አጥፊ፣ ክሬኑን አስነሺ፣
ሪፖርቱን ፈርሚና ውረጂ፣ ልጅሽ ጋ ድረሺ።
ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ መልሳ አነሳችው፤
ላፕቶፗን ከፈተች፣ ኬብሉን ሰካችው።

ክሬኑ ያው ቦታ ደርሶ ያንኑ መቆም ቆመረ፣
ውርጩ እንደለቀቀው ቧንቧ ፊደል ማንጠባጠብ ጀመረ፦

"የላይኛው የነፋስ መለኪያ በውርጭ ይዋሻል።
ከታችኛው ጋር ካልተስማማ እንዲቆም አድርጌዋለሁ።
የምታነበው ማንም ሁን፣ ቁጥሩን አትመን።
ውጣና ባንዲራውን እይ።"

ስክሪኑ ዘጠኝ ይላል፤ ለሥራ የሚፈቀድ ነፋስ፤
በሩን ስትከፍት ኮፍያዋ ባሕር ገባ፣ እጇ ሳይደርስ።
ባንዲራው እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል፤ ኮንቴይነሩ
ይወዛወዛል፤ ሁለት ሰዎች ሲጋራ ያጨሳሉ ከሥሩ።

"ዘወር በሉ!" አለች። አልሰሟትም። ደግማ ጮኸች።
ለአዛዡ፣ "ዛሬ የለም፣ ነፋስ ነው" ብላ ዘጋች።
ለልጇ "ሲነጋ" ብላ መለሰች።

ጠዋት ቅጹን ስትሞላ ከታች አንድ ጥያቄ አለ፤
"ዲበግ ጠፍቷል ወይ?" የሚል። እስክሪብቶዋ ትንሽ ዋለለ።
"አልጠፋም" አለች። ቀጥሎ፣ ምክንያት በሚለው ሳጥን፣
"ሰው አለው" ብላ ጻፈች፤ ወረደች መሰላሉን።